ሦስት ጉልቻ፣ ሦስት እግር፣ ሦስት ጎማ

ሦስት እግር ያለው ነገር አይወዛወዝም። ወለሉ አፈር ይሁን፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ግቢ ይሁን፣ ሦስቱም እግሮች መሬት ይይዛሉ። አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን ወለሉ ሊሾ ካልሆነ አንዱ እግሩ ይንጠለጠላል፤ ካርቶን አጥፎ መወተፍ ይመጣል። ነገሩ የጂኦሜትሪ ነው። የትም ቢቀመጡ በሦስት ነጥቦች ላይ አንድ ጠፍጣፋ ገጽ ሁልጊዜ ያርፋል፤ አራተኛው ነጥብ እዚያው ገጽ ላይ የሚውለው ከቀናው ብቻ ነው። ጉልቻ ሦስት መሆኑ፣ የጅማ በርጩማም ከአንድ ግንድ ተጠርቦ በሦስት እግር መቆሙ ከዚህ ጋር የሚያያዝ ይመስለኛል።

ይህ በጎ ጎኑ ነው። ሌላው ጎኑ፣ ሦስት እግር በቀላሉ ይገለበጣል። አለመወዛወዝና አለመገልበጥ አንድ ነገር ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ጅማ ውስጥ ይህን ልዩነት በየቀኑ የሚፈትነው ደግሞ በርጩማው ሳይሆን ባጃጁ ነው። ባጃጅ በተገለበጠ ቁጥር ወይ ሹፌሩ ወይ መንገዱ ይወቀሳል፤ ሁለቱም ድርሻ አላቸው፤ የሦስት ማዕዘኑን ድርሻ ግን የሚያነሳው ጥቂት ነው።

መጀመሪያ በርጩማውን እንየው፤ ቆሞ ስለሚጠብቀን ይቀላል።

ማንኛውም ዕቃ ክብደቱ በሙሉ እዚያ የተሰበሰበ ያህል የሚያገለግል አንድ ነጥብ አለው፤ የክብደት ማዕከል ይባላል። ከዚያ ነጥብ ቱምቢ ቢወርድና ጫፉ እግሮቹን በሚያገናኘው ቅርጽ ውስጥ ቢያርፍ ዕቃው ይቆማል። ከቅርጹ ከወጣ የመሬት ስበት ራሱ ይገለብጠዋል፤ ሌላ ገፊ አያስፈልግም።

የአንድ በርጩማ እግሮች መሬት የሚነኩባቸው ነጥቦች ከመሃል 15 ሳንቲ ሜትር ይራቁ እንበል። ወደ አንዱ እግር አቅጣጫ የተረፈን ቦታ 15 ሳንቲ ሜትር ነው። በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ክፍት ግን ከመሃል እስከ ሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ ያለው ርቀት ልክ ግማሹ፣ 7.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያው ስፋት አራት እግር ቢኖረው 10.6 ይሆን ነበር። ሰው ሲቀመጥበት የሰውየውና የበርጩማው የጋራ ክብደት ማዕከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ይውላል። ስለዚህ ወደ ክፍቱ በኩል 8 ዲግሪ ተኩል ያህል መዘንበል ብቻ ለመገልበጥ ይበቃል፤ ወደ እግሩ በኩል ግን ወደ 17 ዲግሪ ይፈቀዳል። የተቀመጠው ሰው ሁለት እግሩን መሬት ላይ ሲያሳርፍ ቅርጹ ስለሚሰፋ በተለመደው አቀማመጥ ችግሩ አይታይም። የሚታየው ሰውየው እግሩን አንስቶ ሲያጣምር ወይም ሩቅ ያለ ነገር ለማንሳት ሲንጠራራ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መመሪያ ቀላል ነው፦ ወደምታጎነብሱበት አቅጣጫ አንዱን የበርጩማ እግር አዙሩ። ቡና የምታፈላ ሴት ከረከቦቱ ወደ ከሰል ምድጃው፣ ከምድጃው ወደ ረከቦቱ ደጋግማ ታዘነብላለች፤ አንዱ እግር ወደ እሳቱ በኩል ቢሆን የፈላ ጀበና በያዘችበት ሰዓት ያላት መተማመኛ እጥፍ ይሆናል። በርጩማን መሰላል ማድረግ ግን የተለየ ነገር ነው። 1.20 ሜትር የሚረዝም ልጅ በርጩማው ላይ ሲቆም የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ያቺ 7.5 ሳንቲ ሜትር ግን አትሰፋም፤ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ሲል ይወድቃል። መሬት የያዘ እግርም የለውም።

ጠራቢው እግሮቹን ወደ ውጭ ቢከፍታቸውስ? ይጠቅማል። 15ቱ 18 ሲሆን 7.5ቷ 9 ትሆናለች። ገደቡ ከእንጨቱ ይመጣል። ከአንድ ግንድ በተጠረበ በርጩማ ላይ እግሩ በተጋደመ ቁጥር የእንጨቱ ጭረት በእግሩ ርዝመት መሄዱን ይተውና እግሩን አቋርጦ ያልፋል፤ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። በገበያ በርጩማ የሚመርጥ ሰው መቀመጫውን ከመዳበስ በፊት ገልብጦ እግሮቹን ቢያይ፣ ጭረቱ እስከ ጫፍ የሚወርድ መሆኑን፣ ሦስቱም እኩል መከፈታቸውን ቢያጣራ ይሻለዋል። እግራቸው ያልተስተካከለ በርጩማ አይወዛወዝም፤ ስለዚህ ጉድለቱ ተቀምጠው አይታወቅም።

አሁን ወደ ባጃጁ።

ለስሌት እንዲመች ክብ ቁጥሮች ልውሰድ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማዎች 2 ሜትር፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል 1.15 ሜትር። ባዶውን 350 ኪሎ፣ ሹፌርና ሦስት ተሳፋሪ እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ፤ ድምሩ 590። የጋራው ክብደት ማዕከል ከፊት ጎማው 1.30 ሜትር ወደ ኋላ፣ ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን። ባጃጁ የቆመበት ቅርጽ ጫፉ ወደ ፊት የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው። የክብደት ማዕከሉ ባለበት ቦታ ከመሃል እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት 57.5 ሳንቲ ሜትር አይደለም፤ ያ ከኋላ ጎማዎቹ ላይ ያለው ነው። ወደ ፊት በሄድን ቁጥር እየጠበበ መጥቶ 1.30 ሜትር ላይ 37 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አራት ጎማ ቢሆን ኖሮ እስከ ፊት ድረስ ያው 57.5 ነበር።

ኩርባ ላይ ምን ይሆናል? ባጃጁ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ግራ የተገፋ ይመስለዋል። የገፋው ግን የለም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተማቸው ሕጎች የመጀመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው፦ የሚንቀሳቀስ ነገር ኃይል ካላረፈበት በነበረው ፍጥነት፣ በነበረው አቅጣጫ ይቀጥላል። የተሳፋሪው ሰውነት ቀጥ ብሎ መሄዱን ቀጥሏል፤ ከስሩ የታጠፈው ባጃጁ ነው። ባጃጁን ያጠፈው ደግሞ መሬቱ ነው፤ በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ሰበቃ ጎማዎቹን ወደ ቀኝ ይጎትታል። ኃይሉ የሚያርፈው ግን ታች፣ መሬት ላይ ነው፤ ክብደቱ ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ታችኛው ሲጎተት ላይኛው ቀጥ ልሂድ ይላል፤ መገልበጥ ከዚህ ይመጣል።

ልኩም ይታወቃል። 37ቱን ለ60 ስናካፍል 0.62 ይወጣል፤ የጎን ኃይሉ ከጠቅላላው ክብደት 62 በመቶ ሲደርስ የውስጠኛው የኋላ ጎማ መሬት ይለቃል። ሬዲየሱ 8 ሜትር በሆነ ኩርባ፣ ማለትም ከዋናው መንገድ ወደ ሠፈር እንደሚገባው ዓይነት እጥፋት ላይ፣ ይህ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ይደርሳል። የጎን ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው፦ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ። ስለዚህ በ20 በሰላም ያለፈ ሰው 25 ላይ ትንሽ የጨመረ ይመስለዋል፤ የጨመረው ግን ከግማሽ በላይ ነው።

ይህ እንግዲህ ጭነቱ የተስተካከለ ባጃጅ ነው። ከሹፌሩ ጎን አንድ ሰው ሲጨመር ሁለት ነገር ይበላሻል። ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይጠጋል፣ ደግሞም ሰውየው መሃል ስላልተቀመጠ ማዕከሉ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እሱ በኩል ይሸሻል። 62 በመቶ የነበረው ወደ 55 ይወርዳል። ላዩ ላይ አንድ 60 ኪሎ የቡና ጆንያ ጣሪያው ላይ ሲወጣ የክብደቱ ማዕከል ከ60 ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ይነሳል፤ ገደቡ ከ48 በመቶ በታች ይሆናል፣ ፍጥነቱም 22። መንገዱ ወደ ውጭ በ5 በመቶ ካዘነበለ 21። ሹፌሩ በዚህ ላይ ኩርባው መሃል ደንግጦ ፍሬን ከረገጠ ክብደቱ እንደገና ወደ ፊት ጎማ ይጫናል፤ ከ19 በታች። እያንዳንዱ ለየብቻው ሲታይ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው የሚቀንሰው፤ ለዚያም ነው ማንም የማይፈራው። ሲደመሩ ግን በየቀኑ በሰላም የሚታለፍበት ፍጥነት የመገልበጫ ፍጥነት ይሆናል። ሞላው ወደ ውጭ ሲተኛና ተሳፋሪዎቹ ወንበሩ ላይ ሲንሸራተቱ ደግሞ እውነተኛው ገደብ ከስሌቱ ዝቅ ይላል።

ከሹፌሩ ጎን ሰው ሳይኖር ያው ጆንያ ከተሳፋሪው እግር ስር ወለሉ ላይ ቢሆን ማዕከሉ ወደ 58 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይል ነበር፤ ገደቡ 25 ላይ ይቆያል፣ እንዲያውም በጥቂቱ ይሻሻላል። የጆንያው ክብደት አልተለወጠም፤ ቦታው ብቻ ነው። ጆንያው እግር ስር ሲገባ ተሳፋሪው ጉልበቱን ማጠፉ የማይቀር ነው። በእኔ እይታ ግን ምቾት ከደኅንነት አይበልጥም።

የፍሬኑን ነገር ልድገመው፤ ብዙ ጊዜ ተገላብጦ የሚሠራ ስለሆነ። ከክብደቱ 30 በመቶ የሚያህል ፍሬን ኩርባ ላይ ሲያዝ ጫናው 18 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት የሄደ ያህል ይሆናል፤ ገደቡ ወደ 54 በመቶ ይወርዳል። ይህ ከሹፌሩ ጎን ሰው ከመጫን ጋር ተቀራራቢ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ መንገዱ ገና ቀጥ እያለ ፍሬን፣ ከመታጠፍ በፊት ፍሬኑን መልቀቅ፣ ከዚያ መታጠፍ፣ ከኩርባው ሲወጡ ነዳጅ መስጠት። ከጅሬን ኮረብታ ቁልቁል ሲወርዱ ደግሞ ቁልቁለቱ ራሱ ክብደቱን ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ከሜዳው ይልቅ ቀድሞ መጀመር ይገባል።

እስካሁን ያሰላሁት በደረቅ አስፋልት ነው። ዝናብ ሲመጣ ሌላ ገደብ ይቀድማል።

ጎማ ደረቅ አስፋልትን ሲይዝ ሰበቃው ከተጫነበት ክብደት 70 በመቶ ያህል ይሆናል። እርጥብ ሲሆን 40 ገደማ፣ ቀጭን ጭቃ ሲቀባ 20 ገደማ። እነዚህን ከ62ቱ ጋር አስተያዩ። በደረቅ መንገድ ሰበቃው ከመገልበጫው ስለሚበልጥ ባጃጁ ሳይንሸራተት ይገለበጣል። በእርጥብ መንገድ ሰበቃው ቀድሞ ያልቃል፤ ባጃጁ ሳይገለበጥ ይንሸራተታል። በዚያው 8 ሜትር ኩርባ እርጥብ ሲሆን መንሸራተት የሚጀምረው በ20 ኪሎ ሜትር፣ ጭቃ ሲሆን በ14 ነው። ስለዚህ መገልበጥን ብቻ የሚፈራ ሹፌር በበጋ ነው መፍራት ያለበት፤ ይህን ስናገር የሚገረሙ ብዙ ናቸው። በክረምት የሚገለበጠው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ይንሸራተትና የኮብልስቶን ጠርዝ ወይም የቦይ አፍ ይመታል፤ ጎማው በድንገት ሲቆም ላይኛው ይቀጥላል፣ ያኔ የ62ቱ ገደብ በቅጽበት ይታለፋል።

ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ከውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚመጣ ጎማ ቀይ አፈር ይዞ አስፋልቱ ላይ ያራግፋል፤ ካፊያ ሲነካው ስስ ጭቃ ይሆናል። ከባድ ዝናብ ያጥበዋል፤ አደገኛው እንግዲህ ካፊያው ነው። በጅማው መርካቶ አካባቢ ገበያ ሲደምቅ ከየአቅጣጫው የሚመጣው እግርና ጎማ ያንኑ ጭቃ ወደ መሃል ያመጣዋል።

የማቆሚያ ርቀቱን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ በደረቅ 9 ሜትር፣ በእርጥብ 16፣ በጭቃ 31 ሜትር ተጉዞ ይቆማል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን እስኪያሳርፍ አንድ ሴኮንድ ከወሰደበት 11 ሜትር ይጨመርበት። ቁልቁለት ሲሆን ስበቱ ከሰበቃው ላይ ይቀንሳል። በ20 ኪሎ ሜትር ጭቃ ላይ በሜዳ 8 ሜትር የሚበቃው፣ በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት 16 ይሆናል። ቁልቁለቱ በየ100 ሜትሩ 20 ከወረደ ሰበቃና ስበት ይመጣጠናሉ፤ ባጃጁ አይፈጥንም፣ አይቆምምም። እዚያ ላይ ፍሬን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ትርጉም የለውም፤ ጎማው ከታሰረ ጭራሽ መሪው መሥራት ያቆማል፣ የማይሽከረከር የፊት ጎማ ወዴትም ቢዞር አቅጣጫ አይሰጥምና። ለቀቅ አድርጎ ጎማው እንዲሽከረከር ማድረግና አቅጣጫ ይዞ መውረድ ይሻላል።

እነዚህን የሰበቃ ቁጥሮች ማንም ሰው ግቢው ውስጥ ሊለካ ይችላል፤ አስተማሪዎች ብዙ ገንዘብ የማያስወጣ ሙከራ ሲጠይቁ የምመክረው ይህን ነው። ከጎሚስታ መዳፍ የሚያህል የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይገኛል። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሸካራ የሲሚንቶ ጠፍጣፋ ወይም ሳንቃ ተጋድሞ፣ ቁራጩ ጥርሱ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥበታል። አንዱን ጫፍ በዝግታ ማንሳት፤ ቁራጩ መንሸራተት ሲጀምር ማቆም። የተነሳውን ጫፍ ከፍታ መለካት፣ ከዚያ ጫፍ ቁልቁል እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን የመሬት ርቀት መለካት፤ ከፍታውን ለርቀቱ ማካፈል። ከፍታው 40፣ ርቀቱ 92 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ሰበቃው 0.43 ነው። በደረቁ፣ ውኃ አርከፍክፎ፣ ጭቃ ቀብቶ መድገም። ሁለት ነገር ያሳስታል፦ ሳንቃው በእጅ ሲነሳ መንቀጥቀጡ ቁራጩን ቀድሞ ያስለቅቀዋል፤ ካለፈው ሙከራ የቀረ ጭቃም ደረቁን ያበላሻል፣ ስለዚህ ደረቁ ይቅደም። ቁራጩ ላይ ድንጋይ ቢጫን ቁጥሩ ብዙም አይለወጥም፤ ይህን ራሱን ተማሪዎች አይተው ቢያረጋግጡ ጥሩ ነው። ባዶና የተጫነ ባጃጅ፣ ፍሬናቸው ጎማውን መያዝ እስከቻለ ድረስ፣ በተቀራራቢ ርቀት የሚቆሙት ለዚህ ነው።

ይንሸራተታል ወይስ ይገለበጣል የሚለው ጥያቄ ቤት ውስጥም ይሠራል። ጥልቀቱ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ቁም ሳጥን ከግድግዳ ለማራቅ ሲገፋ፣ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ 0.4 ከሆነ፣ ከ62 ሳንቲ ሜትር ከፍታ በታች መገፋት አለበት። ከዚያ በላይ ሲገፋ ከመንሸራተቱ በፊት ይንጋደዳል። ቀመሩ የጥልቀቱ ግማሽ ለሰበቃው ሲካፈል ነው። ከእግሮቹ ስር ጆንያ ገብቶ ሰበቃው ወደ 0.25 ከወረደ በ1 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ወገብ ሳይጎብጥ መግፋት ይቻላል።

የቀረው ዳገት ላይ የሚቀረቀር ባጃጅ ነው፤ እዚህ ላይ የሚደረገው ግማሹ ከሚያስፈልገው ተቃራኒ ነው። ባጃጅ ሲቆም ተሳፋሪው ሁሉ ውረድ ይባላል። መጀመሪያ ግን ለምን እንደቆመ ማየት ይገባል። ሞተሩ ተጨንቆ ሊጠፋ ከሆነ ጉልበት አንሷል፤ ክብደት መቀነስ፣ ሰው ማውረድ ልክ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ጎማው ባለበት የሚሾር ከሆነ ግን ያነሰው ጉልበት ሳይሆን ሰበቃ ነው። ባጃጅ የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው፤ በወሰድነው ምሳሌ ከክብደቱ 65 በመቶ እነሱ ላይ ነው። በ20 በመቶ ሰበቃ፣ ዳገቱ ራሱ ወደ ኋላ የሚጭነው ተጨምሮ፣ በየ100 ሜትሩ 13 ወይም 14 ሜትር የሚወጣ ዳገት ድረስ ይችላል። የኋላ ተሳፋሪዎች ሲወርዱ ያ ድርሻ ይቀንሳል፤ ጎማው ይበልጥ ይሾራል። ከሹፌሩ ጎን ያለው ሰው ቢወርድ፣ ከኋላ ያሉት ባሉበት ቢቆዩ፣ የወረደውም ከኋላ ቢገፋ ይሻላል። ሁሉም ወርደው ሁሉም የሚገፉ ከሆነ ደግሞ የሚጨምሩት ኃይል ጎማው ካጣው ስለሚበልጥ ያስኬዳል፤ ወርዶ ዳር ቆሞ ማየት ነው የማይጠቅመው።

ነዳጅ መጨመርም አያዋጣም። ጎማ መሾር ከጀመረ በኋላ ያለው ሰበቃ ከመሾሩ በፊት ከነበረው ያነሰ ነው፤ ደግሞም ይቆፍራል። ሙሉ በሙሉ ለቆ፣ ጎማው ሲቆም በዝቅተኛ ማርሽ በጣም በዝግታ መጀመር ያስፈልጋል። አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ ሾሮ ሌላው ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ሲታይ ደግሞ የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ዲፈረንሻል ኃይሉን ለሁለቱ እኩል ስለሚያካፍል ነው፤ የሚሾረው ጎማ ትንሽ ብቻ ከወሰደ የቆመውም የሚደርሰው ያንኑ ያህል ነው። የቡና ገለባ፣ ጠጠር ወይም አሮጌ ጆንያ መግባት ያለበት ከሚሾረው ጎማ ፊት፣ ጎማው መሬት ከሚነካበት ጠርዝ ስር ነው። ጆንያ ከሆነ አንዱ ጫፉ በድንጋይ ይያዝ፤ ካልተያዘ ጎማው ጎትቶ ወደ ኋላ ይወረውረዋል፣ ከኋላ የሚገፋው ሰውም ከጎማው ቀጥታ መስመር ወደ ጎን መቆም አለበት።